የባልደረባን የእንክብካቤ ዕቅድ ስለ ማጽደቅና የፊርማ ኃላፊነት

በትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩ የአንድ አስተማሪን ሳምንታዊ የትምህርት ዕቅድ ተቀብሎ ሲፈርምበት፥ «መርምሬ ለተማሪዎቹ የሚስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ማለቱ ነው እንጂ «ወረቀቱ ደርሶኛል» ማለቱ ብቻ አይደለም። በሆስፒታልም ይህን የሚመስል ፊርማ አለ። ነገር ግን የትምህርት ዕቅድ ስሕተት በሚቀጥለው ሳምንት ሊታረም ይችላል፤ የሆስፒታሉ ስሕተት ግን የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን፥ ነርሶችን የሚመራ ኃላፊ የባልደረቦቹን የእንክብካቤ ዕቅድ ሲያጸድቅ በሙያና በሕግ የሚሸከመውን ኃላፊነት እንገልጻለን።

የእንክብካቤ ዕቅድ ማለት ነርስ ለአንድ ሕመምተኛ የሚያደርገውን አስቀድሞ የሚጽፍበት ሰነድ ነው። ሥራው አምስት ደረጃ አለው፤ ይኸውም የሕመምተኛውን ሁኔታ መመርመር፥ ችግሩን ለይቶ መጻፍ፥ የሚደረገውን ማቀድ፥ ያቀዱትን መፈጸምና ውጤቱን መመዘን ነው። ዕቅዱ የሐኪሙን ትእዛዝ አይተካም፤ ሙቀቱና የደም ግፊቱ በየስንት ሰዓቱ እንደሚለካ፥ የጠጣውና የሸናው እንዴት እንደሚመዘገብ፥ ምን ምልክት ሲታይም ሐኪም እንደሚጠራ ያመለክታል።

በምሳሌ እናስረዳ። በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በከተማችን በድሬዳዋ የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ይህ በሽታ ሰውን የሚያታልል ጠባይ አለው። ብዙውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳቱ ሲበርድ፥ በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ የደሙ ፈሳሽ ከደም ሥሮች እየሾለከ ይወጣና ሰውነት በድንገት ይዝላል። ስለዚህ ጥብቅ ክትትል የሚያስፈልገው ትኩሳቱ በበረደ ጊዜ ነው። እንግዲህ አንድ ነርስ ከሌላ ሕመምተኛ ካርድ ገልብጦ «ትኩሳቱ ሲበርድ ክትትሉ በቀን አንድ ጊዜ ይሁን» ብሎ ጻፈ እንበል። ኃላፊው ሳያነብ ፈረመ። የሌሊት ተረኛዋም የጸደቀውን ዕቅድ አምና የደም ግፊቱን ሳትለካ አነጋች። ሕመምተኛው ቢሞት ተጠያቂው ማን ነው?

መልሱ አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ጥፋት የተገኘበት ሁሉ በየድርሻው ይጠየቃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031፥ ባለሙያ የሆነ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 59፥ ቸልተኛነት ሲመዘን የሰውየው ልምድ፥ ትምህርት፥ ሥራና ማዕረግ እንዲታይ ይደነግጋል። ስለዚህ ማዕረጉ ከፍ ያለው ሰው የሚጠበቅበት ጥንቃቄም ከፍ ያለ ነው፤ «አላየሁትም» ማለትም፥ ማየት የሚገባውን ሰው አያድነውም። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኛነት ቢገድል፥ በአንቀጽ 543 መሠረት ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራትና ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል።

ይሁን እንጂ ኃላፊው የባልደረቦቹን ጥፋት ሁሉ ተሸካሚ አይደለም። ነርሱ ያልለካውን የደም ግፊት እንደ ለካ አድርጎ ቢጽፍና፥ ኃላፊው በሚገባ መርምሮም ሊደርስበት ባይችል፥ ጥፋቱ የጻፈው ሰው ነው። እንዲሁም የኃላፊው ፊርማ ዕቅዱን የጻፈውንም የፈጸመችውንም ነርስ ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣም።

ስለዚህ የነርሶች ኃላፊ የሚከተሉትን ሊጠብቅ ይገባል።

1ኛ፤ ዕቅዱን ከሕመምተኛው ካርድና ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር ሳያስተያይ፥ ሕመሙ የጸና ከሆነም ሕመምተኛውን ራሱን ሳያይ አይፈርም።

2ኛ፤ የፈረመበትን ቀንና ሰዓት ይጻፍ፤ ባዶ ወረቀት ላይ ወይም ያለፈ ቀን አስመስሎ ከቶ አይፈርም።

3ኛ፤ ነገሩ ከዕውቀቱ በላይ ከሆነ የሚያውቀውን ይጠይቅ፤ መጠየቅ ማዕረግን አያጎድልም።

4ኛ፤ ያልተስማማበትን ዕቅድ ምክንያቱን ጽፎ ይመልስ እንጂ ባልደረባውን በሰው ፊት አያዋርድ፤ የተዋረደ ሰው ስሕተቱን መደበቅ ይማራልና።

5ኛ፤ የሕመሙ ሁኔታ በተለወጠ ጊዜ ዕቅዱ እንደገና እንዲታይ ያድርግ።

6ኛ፤ ነርሶች አንሰው ዕቅዱ ሊፈጸም የማይችል ከሆነ፥ ይህንኑ ሳይዘገይ ለበላይ አለቃ በጽሑፍ ያስታውቅ።

በድል ጮራም ሆነ በሳቢያን ሆስፒታል ወይም በሌላ ስፍራ ቤተ ዘመድ የምታስታምሙ አንባቢዎቻችንም ድርሻ አላችሁ። «በየስንት ሰዓቱ ይታያል? ምን ምልክት ብናይ እንጥራችሁ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ሕመምተኛው ደጋግሞ ቢያስመልሰው፥ ሆዱን አጥብቆ ቢያመው፥ ቢደማ ወይም ቢፈዝ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ተረኛውን ጥሩ። በጎ ኃላፊ እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንደ ድፍረት አይቆጥረውም፤ ፊርማውን ያኖረው ለዚሁ ሕመምተኛ ደኅንነት ነውና።