በሐረር ለወንድ ልጅ በ«ኦ» የሚያልቅ ስም ሲመረጥ

ሳብዑ ድምፅ

ማሞ፣ ዋቆ፣ ኢብሮ፣ ገልገሎ። አራቱም የወንድ ስሞች ናቸው፤ አራቱም በሳብዕ ፊደል ያልቃሉ። ለመጥራት የተመቹ ስሞች ናቸው፤ መጨረሻቸው ክፍት ስለሆነ ድምፁ እስከተፈለገው ድረስ ይረዝማል። «አቦ!» ማለት ለለመደ የሐረር ጆሮ ደግሞ እንግዳ አይደሉም።

ይሁን እንጂ ሐረር የአንድ ቋንቋ ከተማ አይደለችም። ከጀጎል ግንብ ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ በአንድ ገበያ ይነገራሉ። ልጁ ስሙን የሚሰማው ከሁሉም አፍ ነው። ስለዚህ ወላጆች ስሙን ከማጽደቃቸው በፊት መጨረሻው በጎረቤት ጆሮ ምን እንደሚመስል ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

የወንድ ነው የሴት?

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ድምፅ ከወንድ ጋር ያያይዘዋል። «በልቶ ተኛ» ስንል ወንድ ነው፤ «በልታ ተኛች» ስንል ሴት። ሕፃን ወንድ «ማሞ» ተብሎ ይቆላመጣል፤ ቁልምጫው ግን ሙሉ ስም ሆኖ ዓለምንም ዞሯል። በ1961 ዓ.ም. የሜክሲኮ ኦሎምፒክን ማራቶን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው።

ኦሮምኛው ከሁሉም ይበልጥ ሀብታም ነው። በቦረና ልጅ በተወለደበት ሰዓት ይሰየማል፦ ቀን የተወለደ ጉዮ፣ ወደ ማታ የተወለደ ገልገሎ፣ ሌሊት የተወለደ ሀልካኖ። የባሌው ዋቆ ጉቱም የዚሁ ድምፅ ባለቤት ነበሩ። በሐረር ዙሪያ ደግሞ ጃርሶ የጎሳም የወረዳም ስም ነው። እኔ ብጠየቅ በ«ኦ» የሚያልቅ ስም ለሚሹ ወላጆች መጀመሪያ የማሳየው ይህንን ጎተራ ነው፤ ድምፁ ከስሙ ጋር አብሮ የተወለደ እንጂ የተቀጠለ አይደለምና።

ሶማልኛ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ፋጢማ ፋዱሞ፣ ሐዋ ሐዎ፣ ዓኢሻ ዓሾ ትባላለች፤ ሦስቱም የሴት ስሞች ናቸው። ከጅግጅጋ የመጣ እንግዳ አዲስ ስም ሲሰማ «ሴት ናት?» ብሎ ቢጠይቅ ማንም አይቀየመው። ስሙን ለመተው በቂ ምክንያት ነው ብዬ ግን አላምንም፤ ጥያቄው እንደሚመጣ ማወቁ ይበቃል።

ሙሉውና አጭሩ

በሙስሊም ቤተሰብ ስም ብዙ ጊዜ በሰባተኛው ቀን ከዓቂቃው ጋር ይወጣል። በጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮችና መዘከሪያዎች ያሉባት ከተማ ስሟን የምትቀዳው ከነቢያት፣ ከሶሓቦችና ከወሊዮቿ ነው፤ አባድር፣ ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር። እነዚህ ስሞች በ«ኦ» አያልቁም። ድምፁ የሚመጣው ቤት ውስጥ ነው፤ ኢብራሂም ኢብሮ፣ አብዱ አብዶ ሲባል።

በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል። ማርቆስ፣ ጴጥሮስ፣ ቴዎድሮስ ድምፁን ይዘውታል፤ ግን «ስ» በሩን ይዘጋዋል። እዚህ የሚረዳው ሁለት ስም የመያዝ የቆየ ልማድ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከሐረር ብዙም በማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ የተወለደው የራስ መኮንን ልጅ መጠሪያው ተፈሪ፣ የክርስትና ስሙ ኃይለ ሥላሴ ነበር። አንዱ ሌላውን አልከለከለውም።

ከዚህ ተነሥቼ የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው። «ኦ» ከቁልምጫ የመጣ ከሆነ በመዝገብ ሙሉውን ስም አስጽፉ፣ በቤት አጭሩን ጥሩ። ኢብራሂም የተባለ ልጅ በፈለገ ጊዜ ኢብሮ ይሆናል፤ ኢብሮ ተብሎ የተመዘገበ ግን ኢብራሂም ልሁን ቢል ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። የልጁ ስም ነገ የልጆቹ የአባት ስም፣ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጆቹ የአያት ስም መሆኑም አይዘንጋ። ገልገሎና ዋቆ ግን ከመነሻቸው ሙሉ ናቸው፤ እንዳሉ ይጻፉ።

ከአባት ስም ጋር

ስሙን ከአባት ስም ጋር አያይዛችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። «ኢብሮ አሕመድ» በፍጥነት ሲነገር «ኦ»ው ይዋጣል፤ «ኢብሮ ጀማል» ቢሆን ጥርት ብሎ ይሰማል። የአባትም ስም በ«ኦ» ካለቀ ቤት ይመታል። አንዳንዱ ይወደዋል፤ ለእኔ ይበዛብኛል።

የላቲኑ ፊደል

በግዕዝ ፊደል «ሮ» አንድ ነው። በቁቤ ሲጻፍ ረጅሙ «ኦ» በሁለት ፊደል ይወጣል፤ ፓስፖርት ላይ ግን በአንድ ሊጻፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር የገባው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ራምቦ ስሙ በ«ኦ» ድምፅ ያልቃል፤ በአገሩ አጻጻፍ ግን መጨረሻ ላይ የማይነበብ ፊደል ተሸክሟል። የእኛ ልጅ ችግር ሌላ ነው፦ የልደት ወረቀቱና የትምህርት ማስረጃው በሁለት ዓይነት ከተጻፉ የአንድ ሰው መሆናቸውን እንዲያስረዳ ይጠየቃል።

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ወደ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ ስሙን በግዕዝም በላቲንም ፊደል በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ መዝጋቢው የጻፈውንም ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል አንብቡ።