ከቦታው የማይነጠል ቅርፅ፤ ገለጻና ጊዜ

ባለፈው ትምህርት የቤት ዕቃን የሚገልጽ ድርሰት ጽፈናል። ጠረጴዛ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ቢዛወር ጠረጴዛነቱ አይለወጥምና ገለጻው ብዙ አላስቸገረንም። ከቦታው ቢነሣ ግን ህልውናውን የሚያጣ ነገር አለ፤ ቀራፂ ለአንድ ስፍራ ብቻ አስቦ፥ ከስፍራው አፈር፥ ውሃና ብርሃን ጋር አዋሕዶ የሚሠራው ቅርፅ እንዲህ ያለ ነው። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

በአሜሪካ፥ በዩታ ግዛት፥ ታላቁ የጨው ሐይቅ የሚባል ሰፊ ውሃ ይገኛል። ቀራፂው ሮበርት ስሚትሰን እ.ኤ.አ. በ1970 በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፥ ሮዜል ፖይንት በተባለው ስፍራ፥ ጥቁር የባዛልት ድንጋይና አፈር በገልባጭ መኪና እያስጋዘ ወደ ውሃው የሚዘልቅ መንገድ አሠራ። መንገዱ የትም አያደርስም፤ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ ሄዶ መካከል ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 457 ሜትር፥ ወርዱ 4.6 ሜትር ያህል ሲሆን፥ «ስፓይራል ጄቲ» ተብሎ ይጠራል።

ስሚትሰንን ወደዚያ የሳበው የውሃው ቅላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የተሠራው የባቡር ሐዲድ ድልድል ሐይቁን ለሁለት ስለ ከፈለው፥ ሰሜኑ ክፍል ጨው በዛበት፤ ብርቱ ጨው የሚችሉ ረቂቅ ተሕዋስያንም ውሃውን አቀሉት።

ሥራው ከተፈጸመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐይቁ ሞልቶ ጠመዝማዛውን ዋጠው። ቀራፂው በ1973 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አብዛኛውን ከውሃ በታች ከቆየ በኋላ፥ ድርቅ ሐይቁን ባጎደለው ጊዜ፥ በ2002 ዳግመኛ ብቅ አለ። ጥቁሩ ድንጋይ ጨው ለብሶ ነጥቶ ነበር። ዳግመኛ እንዳይሰጥም ድንጋይ ተጨምሮበት ከፍ ይበል የሚል ሐሳብም ተነሣ። በቅርብ ዓመታት ግን ውሃው እጅግ ስለ ሸሸ ጠመዝማዛው በደረቅ የጨው ሜዳ ላይ ተጋድሞ ይታያል።

ማስተዋያ

«ጠመዝማዛው በውሃ ውስጥ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ። የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1980 የጻፈው ሰው እውነት ጽፏል፤ ዛሬ የሚጽፈው ሐሰት ይጽፋል። «ነው» ነገሩን ምንጊዜም እንደዚያ የኖረ ያስመስለዋል። «ሰጥሞ ቆየ»፥ «ሰጥሞ ነበር» ስንል ግን ቦዝ አንቀጹ ከተከታዩ ግሥ ጋር ሆኖ ለውጡንም ቆይታውንም ያመጣል።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ የባለቤት ነገር ነው። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ «ቅርፁ ተሠራ» ብለው ያልፋሉ። «ስሚትሰን ሠራው፤ ሐይቁ ዋጠው፤ ጨው አነጣው» በሚለው ግን ባለቤቶቹ ሦስት መሆናቸውን ልብ በሉ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሚተው ጸሐፊ የሥራውን እኩሌታ ሳይገልጽ ይቀራል።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ቦዝ አንቀጽ ያለባቸውን አራት ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ባለቤታቸውን አመልክቱ።
2. በምትኖሩበት አካባቢ በክረምትና በበጋ መልኩ የሚለወጥ አንድ ስፍራ መርጣችሁ በ15 መሥመር ግለጹ። «ነው» የሚለውን ግሥ ከሁለት ጊዜ በላይ አትጠቀሙ።
3. ጠመዝማዛው ከፍ ይበል ትላላችሁ ወይስ እንዳለ ይተው? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።