የታችኛውን መንጋጋ በቀዶ ሕክምና ማራዘም፦ ከመካነ ሰላም ታካሚ አንጻር

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ በሚገባ ያላደገ የታችኛ መንጋጋን አጥንት በማራዘም የማስተካከል ሕክምና ከቀዶ ሕክምናው ዕለት ይልቅ በክትትሉ የሚወሰን መሆኑን፣ ይህም ለመካነ ሰላምና ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ምን ትርጉም እንዳለው ማሳየት ነው።

ችግሩ ከውልደት ጀምሮ ሊኖር ይችላል። በልጅነት አገጭን የመታ አደጋ ወይም በወቅቱ ያልታከመ የጆሮ ኢንፌክሽንም ከጆሮ ፊት ያለውን የመንጋጋ መገጣጠሚያ አጣብቆ የአጥንቱን እድገት ሊገታ ይችላል። ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም። መንጋጋው ወደ ኋላ ሲቀር ምላስም አብሮ ስለሚሸሽ የአየር መተላለፊያው ይጠብባል፤ ልጁ በእንቅልፍ ላይ ሳለ ትንፋሹ ሊቆራረጥ ይችላል።

አጥንትን ቀስ በቀስ የማራዘምን ስልት በሶቪየት ኅብረት፣ በኩርጋን ከተማ ያዳበሩት ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ናቸው፤ ሥራቸው ያተኮረው በእግርና በእጅ አጥንቶች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ጆሴፍ ማካርቲና ባልደረቦቻቸው ስልቱን በልጆች የታችኛ መንጋጋ ላይ ተጠቅመው ያገኙትን ውጤት አሳተሙ።

በሕክምናው አጥንቱ ተቆርጦ ማራዘሚያ መሣሪያ ይታሰርበታል። ከ5 እስከ 7 ቀናት ከቆየ በኋላ መሣሪያው በየቀኑ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። እጅግ ከፈጠነ አዲስ አጥንት በበቂ ሁኔታ አይፈጠርም፤ እጅግ ከዘገየ ደግሞ ክፍተቱ ያለጊዜው ይገጥማል። 15 ሚሊ ሜትር ለማራዘም 5 ቀን ለቆይታ፣ 15 ቀን ለመክፈት፣ 8 ሳምንት ለማጠንከር ቢታሰብ ሕክምናው 76 ቀን ይወስዳል።

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ደሴ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ለሚሄድ ገበሬ ቤተሰብ ይህን ያህል ጊዜ ከቀዬው መራቅ ከባድ ነው። ታካሚው ቀድሞ ወደ ቤቱ ከተመለሰም አንድ የተዘለለ ቀን ወይም በተሳሳተ አቅጣጫ የተደረገ ዙር ውጤቱን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ የመሣሪያውን አዟዟር፣ የዕለቱን መጠንና የአደጋ ምልክቶችን በአማርኛ ጽፎ ለቤተሰቡና ለመካነ ሰላም ሆስፒታል ባለሙያዎች ቢሰጥ፣ የቁስል ጽዳቱንና ምርመራውን በቅርብ መከታተል ይቻላል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን በጊዜ መለየት ነው። አገጩን ተመትቶ የነበረ ልጅ የራሱን ሦስት ጣቶች ደርቦ በፊት ጥርሶቹ መካከል በቁመት ማስገባት ካቃተው፣ ጤና ጣቢያው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ሊልከው ይገባል። ይህ ፍተሻ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም።