ስለ ቦት ጫማ አጸዳድና አያያዝ

ጫማ ለገበሬም ሆነ ለመንገደኛ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ እንደ ማረሻና እንደ ቀንበር የሥራ መሣሪያ ነው። ብልህ ገበሬ ምራኑንና ጠፍሩን ዝናብ እንዳያበሰብሰው፣ ጅብም እንዳይበላው ከቤት አግብቶ ይሰቅላል። ስለ ምራኑ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ግን በብዙ ብር የገዛውን ቦት ጫማ ከነጭቃው ደጃፍ ላይ ጥሎት ያድራል። ጭቃው ሳይነሣ ያደረ ጫማ ሦስት ነገሮችን ይጎዳል፤ ይኸውም አንደኛ ቆዳውን፣ ሁለተኛ የባለቤቱን እግር፣ ሦስተኛ ማሳውን ነው። የእያንዳንዱ ምክንያት በተራ ይገለጻል።

ቆዳ ከረቂቅ ክሮች የተሠራ ነው። ክሮቹም እርስ በርሳቸው ሳይፋተጉ እንዲተጣጠፉ የሚያደርጋቸው በመካከላቸው ያለው ቅባት ነው። ጭቃ በጫማ ላይ ሲደርቅ ከቆዳው ውስጥ እርጥበቱንና ቅባቱን ይስባል። በዚህም የተነሣ ጫማው ከጣቶቹ መታጠፊያ ላይ ይሰነጠቃል። በስፌቱ ውስጥ የገባው አሸዋም በእያንዳንዱ እርምጃ ክሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

በእግር ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከዚህ ይብሳል። ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ በሆኑ፣ ብዙ ዝናብ በሚያገኙና ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈር ባለባቸው ደጋዎች፣ ለምሳሌ በጎጃምና በወላይታ፣ ለብዙ ዘመን በባዶ እግር የሠራ ሰው እግሩ የሚያብጥበት የዝሆኔ ዓይነት አለ። ይህ በሽታ በትንኝ ንክሻ ከሚመጣው ዝሆኔ የተለየ ነው። በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ ነገሩን ለብዙ ጊዜ መርምሮ ምክንያቱ ከአፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረዳ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍም ጻፈበት። ለበሽታው የተሰጠው ስም ፖዶኮኒዮሲስ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። በሽታው እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ በሽተኛውን ከማዕድና ከጋብቻ ማራቅ ከንቱ ጭካኔ ነው። መከላከያውም ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። ነገር ግን ውስጡ አፈር የሞላበት ጫማ የሚከላከለውን ነገር ራሱ ከላብ ጋር ለውሶ ከእግር ጋር ያውለዋል። ስለዚህ የጫማው ውስጥ ከውጭው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ጉዳት በማሳ ላይ የሚደርሰው ነው። ኢጣልያዊው ቪታሌ ብራማኒ ጓደኞቹ በተራራ ላይ ከሞቱ በኋላ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ሠራ፤ የዛሬው የተራራ ጫማ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንኑ ይከተላል። ጥርሱ ሰውን ከመንሸራተት ያድናል፤ በጥርሶቹ መካከል የተጠቀጠቀው ጭቃ ግን የአረም ዘርና የሰብል በሽታ ከማሳ ወደ ማሳ ያጓጉዛል። ድንችን የሚያደርቀው የአጠውልግ ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ስለሚኖር በጫማና በዶማ ላይ ተጣብቆ ወደ ጤናማው ማሳ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ የታመመ ማሳ የረገጠ ሰው ወደ ሌላው ከመግባቱ በፊት ሶሉን በእንጨት ፍቆ፣ በውሃና በብሩሽ ማጠብ አለበት።

የአጸዳዱ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ማሰሪያው ይፈታል፤ የውስጡም ንጣፍ ወጥቶ ለብቻው ይታጠባል። ከዚያ በኋላ ወፍራሙ ጭቃ በእንጨት ይነሣል፤ ቢላዋ ቆዳውን ስለሚቆርጥ አይገባም። የቀረው በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ብሩሽና በጥቂት ሳሙና ይታጠባል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን የቆዳውን ቅባት አጥቦ ስለሚወስደው አይመከርም። የጫማው ውስጥም በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ አፈሩ እስኪለቅ ድረስ ይጸዳል።

ጫማ ከሚበላሽበት ጊዜ ሁሉ የሚከፋው የማድረቂያው ጊዜ ነው። እርጥብ ጫማ ከምድጃ አጠገብ ወይም በቀትር ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ቆዳው ይኮማተራል፤ የሶሉም ማጣበቂያ ይለቃል። ይልቁንስ ተነብቦ ያለቀ ጋዜጣ ውስጡ ተጠቅጥቆ፣ ጋዜጣው ሲርስ እየተለወጠ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ሲደርቅ የጫማ ቅባት ወይም በትንሽ ሞራ የለሰለሰ ሰም በስሱ ይቀባል። ቅቤ ስለሚሸትና አይጥ ስለሚጠራ አይሆንም። ፊቱ ሻካራ የሆነ ቆዳ ብሩሽ እንጂ ቅባት አይፈልግም። የጎማ ቦትም ቅባት ስለሚያበላሸው በውሃ ብቻ ይታጠባል።

አያያዙ እንደ አገሩ አየር ይለያያል። በስሜን ተራሮች ከደባርቅ ተነሥቶ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ራስ ዳሸን ለሚወጣ መንገደኛ የጫማ ጠላቱ እርጥበትና ሻጋታ ነው፤ እዚያ ሰም ውሃን ይከለክላል። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚጠረገውን አፈር የዓባይ ወንዝ ተሸክሞ ካርቱም ያደርሰዋል። በወንዙ ዳር ባለችው በአል-ማንሺያ ሰፈር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዚያ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ሀቡብ የሚባለው ነፋስም የአቧራ ግድግዳ ያነሣል። በእንዲህ ያለ ቦታ ቆዳ የሚሞተው ከድርቀት ነው። ስለዚህ በየማታው በደረቅ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ፣ ውሃውን መቀነስ፣ ቅባቱን ግን ቶሎ ቶሎ መቀባት ይገባል።

ለዓመታት ሳይደረግ የተቀመጠ ጫማም አዲስ ይመስላል እንጂ አይታመንም። በብዙ የተራራ ጫማዎች ሶል ውስጥ ያለው ስፖንጅ በአየሩ እርጥበት ብቻ ይፈራርሳል። ስለዚህ ከመንገድ በፊት ሶሉን በእጅ አጥፎ መሞከር ያስፈልጋል፤ ሶል ከገደል ጫፍ ላይ ቢለቅ ሊስትሮ አይገኝምና።

በመጨረሻም ይህ ምክር ለገበሬው ብቻ የተሰጠ አይደለም። በአንድ ቀን ከአሥር ገበሬ ማሳ የሚገባው የግብርና ሠራተኛ ነው፤ በሽታንም ከሁሉ ይልቅ ሊያዛምት የሚችለው የእርሱ ጫማ ነው። ባለሙያው በማሳው ዳር ቆሞ ጫማውን ሲያጥብ ገበሬው ካየው፣ ያለ ብዙ ስብከት ትምህርቱን ይቀበላል። ሥራው የሩብ ሰዓት ነው፤ የሚያስፈልገውም ውሃ፣ ብሩሽና አንድ አሮጌ ጋዜጣ ብቻ ነው።