የልብ ንጽሕና፦ የሚመጣ ሐሳብ ሁሉ ኃጢአት ነውን?



በአንድ ቁምስና የዐቢይ ጾም ሱባዔ መርተን ስንጨርስ በዕድሜ የገፉ አንድ ካቴኪስት ለብቻችን ጠሩንና፣ «አባ፣ ስለ ንጹሕ ልብ ለልጆች ሳስተምር ሃያ ዓመት ሆነኝ። የእኔ ልብ ግን ገና ጸሎት ስጀምር ይታወካል፤ ያልጠራሁት ክፉ ሐሳብ ይመጣብኛል። በዚህ ልብ እንዴት እቀርባለሁ ብዬ መቍረብ ከተውሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ» አሉን። እኛም ለመንገድ እንቸኩል ስለ ነበር «ይጸልዩ፣ ይበርቱ» ብለን አለፍናቸው። ሽማግሌው እጅ ነሥተው ሄዱ፤ ጥያቄያቸው ግን በመንገዱ ሁሉ ተከተለን። የጠየቁን ስለ ብርታት አልነበረምና። የጠየቁን፣ ንጹሕ ልብ ማለት ክፉ ሐሳብ ከቶ የማይደርስበት ልብ ማለት እንደ ሆነ ነበር።

ከቃሉ እንጀምር። በቅዱስ መጽሐፍ ልብ የስሜት ማደሪያ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚያስብበት፣ የሚመክርበትና የሚወስንበት የውስጥ ስፍራ ነው። ቋንቋችንም ይህን አልዘነጋም። ጎረምሳውን «ልብ ግዛ» ስንለው ማስተዋልን መሻታችን እንጂ ስሜትን መሻታችን አይደለም፤ «ልብ በል»፣ «ልበ ቢስ» የምንላቸውም እንዲሁ ናቸው። እንግዲህ ጌታችን በተራራው ስብከቱ እግዚአብሔርን ለማየት የታደሉት ልባቸው የነጻ እንደ ሆኑ ሲያስተምር (ማቴ. 5፥8)፣ ሰው አሳቡንና ፈቃዱን ወዴት እንደሚያቀና መናገሩ ነው።

ፈሪሳውያን ስለ እጅ መታጠብ በተከራከሩ ጊዜም ሰውን የሚያረክሰው ከውጭ የሚገባው ሳይሆን ከልብ የሚወጣው መሆኑን ገልጧል (ማር. 7፥14-23)። በዚያ የተዘረዘረውን ልብ እንበል፤ ዝሙት አለ፤ ነገር ግን ስርቆት፣ መጐምጀት፣ ተንኰል፣ ምቀኝነትና ትዕቢትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቍ. 2518) የልብ ንጽሕናን በተለይ በሦስት ነገሮች ያየዋል፤ እነርሱም ፍቅር፣ የሥጋ ንጽሕና፣ እንዲሁም እውነትን መውደድና በቀና እምነት መጽናት ናቸው። ከሦስቱ መካከለኛውን ብቻ ነጥለን በወጣቶች ጆሮ ስንደጋግም የኖርን እኛ ሰባኪዎች ነን። ስለዚህም ብዙ ሰው ሐሜቱን ሳይናዘዝ ሕልሙን ይናዘዛል።

ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። ይኸው ጥያቄ ከዐሥራ ስድስት መቶ ዓመታት በፊት በግብፅ በረሓ ተጠይቆ ነበር። ዮሐንስ ካሲያን የተባለው መነኵሴ ከወዳጁ ከጀርማኖስ ጋር ወደ አስቄጥስ ወርዶ ከአበው የሰማውን ኋላ በላቲን ቋንቋ ጽፎ አቈይቶልናል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ያስቀመጠውም የአባ ሙሴን ትምህርት ነው። አባ ሙሴ የመነኵሴ የመጨረሻ ተስፋው መንግሥተ እግዚአብሔር፣ ወደዚያ ለመድረስ በየዕለቱ ሊያነጣጥርበት የሚገባው ግን የልብ ንጽሕና መሆኑን በገበሬ ምሳሌ ያስረዳሉ። የገበሬ ተስፋው ብዙ እህል ነው፤ ዕለት ዕለት የሚደክመው ግን እሾኹን ነቅሎ ማሳውን ለማጥራት ነው። ጾሙም፣ ትጋሁም፣ ንባቡም መሣሪያዎች ናቸው። ማሳውን ያላጠራ መሣሪያ ምን ይረባል? አባ ሙሴ የሚያሳፍር ነገርም ይጨምራሉ፤ ወርቅና ርስት ትተው የመነኑ ሰዎች ስለ አንድ ቢላዋ፣ ስለ አንድ መርፌ ወይም ስለ አንድ ብዕር ሲቈጡ ይታያሉ።

ጀርማኖስ ግን በዚህ አልረካም፤ ሳንፈልገው ሾልኮ የሚገባው ሐሳብስ? ብሎ ጠየቀ። አባ ሙሴም በውሃ የሚዞር ወፍጮን ምሳሌ አድርገው መለሱለት። ውሃው እስከ ወረደ ድረስ ድንጋዩ መዞሩን አይተውም። ስንዴ፣ ገብስ ወይም እንክርዳድ እንዲፈጭ የሚያደርገው ግን ባለ ወፍጮው ነው። አእምሮም እንደዚሁ ከማሰብ አያርፍም፤ ሐሳብ እንዳይመጣ መከልከል ከሰው ዐቅም በላይ ነው፤ መቀበሉ ወይም መጣሉ ግን በእጃችን ነው።

ቅዱስ አውጉስጢኖስም የተራራውን ስብከት ሲተረጕም ሦስት ደረጃዎችን ይለያል። ሐሳቡ ይቀርባል፤ ለልብ ይጥመዋል፤ ፈቃድ ይስማማል። ኃጢአቱ የሚፈጸመው ፈቃድ ሲስማማ ነው። ከባድ ኃጢአት ለመባልም ነገሩ ከባድ፣ ዕውቀቱ ሙሉ፣ ውሳኔውም የራስ መሆን እንዳለበት ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች (ቍ. 1857)። እንግዲህ ሳይጠሩት የመጣ፣ ሲመጣም የሚያስጨንቅ ሐሳብ ብቻውን ከቅዱስ ቍርባን አያርቅም። እንዲያውም ያ ጭንቀት ብዙ ጊዜ ፈቃድ እንዳልተስማማ ምስክር ነው። ካቴኪስቶች ሆይ፣ ይህን ለይታችሁ ብታስተምሩ ብዙ ሰዎችን ከከንቱ ሥቃይ ታሳርፋላችሁ።

ባለ ወፍጮው ግን ከተጠያቂነት አያመልጥም። እስከ እኩለ ሌሊት በእጅ ስልኩ ያሻውን ሲመለከት ያመሸ ሰው ጠዋት በጸሎት ጊዜ «ሐሳብ መጣብኝ» ቢል፣ ማታ ራሱ የጨመረው እህል ተፈጭቶ መውጣቱ ነው።

ከእንክርዳዱ ሁሉ ቶሎ የማይለየው ቂም ይመስለናል። አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። እኛም ቀምሰነዋል። ከአንድ ወንድም ካህን ጋር በስብሰባ ላይ በተነገረ ቃል ተቀይመን ስምንት ወር ያህል ቀደስን። በግዕዝ ሥርዓት ከአኰቴተ ቍርባን በፊት፣ በላቲን ሥርዓት ደግሞ ከመቍረብ በፊት ሰላምታ የምንለዋወጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጌታ መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ አዝዟልና (ማቴ. 5፥23-24)። ያ ሰላምታ ስምንት ወር በፊታችን አለፈ። ልባችንን የገለጠብን ግን ትንሽ ነገር ናት፤ ሰዎች የዚያን ካህን ስብከት ሲያመሰግኑ ደስ አላለንም። በመጨረሻ ሄደን ይቅርታ ስንጠይቃቸው ነገሩን ከናካቴው ረስተውት ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ ስንፈጭ የከረምነው ብቻችንን ነበር።

ከዚያ ወዲህ መዝሙር 50ን (በዕብራይስጡ ቍጥር 51) ስንደግም በአንዲት ቃል ላይ እንቆማለን። ዳዊት በኦርዮ ሚስት ምክንያት ነቢዩ ናታን ከገሠጸው በኋላ ከበደሉ መታጠብን ይለምናል፤ በዚያ ግን አያበቃም፤ ንጹሕ ልብ እንዲፈጠርለትም ይለምናል። የዕብራይስጡ ግስ በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ስለ ሰማይና ምድር መፈጠር የተነገረበት ያው ግስ ነው፤ በዚህ ትርጕሙም ባለቤቱ ሁልጊዜ እግዚአብሔር ነው። ንጹሕ ልብ ከሰው ብርታት ብቻ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ዳዊት ይታገል ነበር እንጂ አይለምንም ነበር። ጸጋው በጥምቀት ተጀምሯል፤ በምሥጢረ ንስሓ ይታደሳል። የእኛ ድርሻ ቅን ዓላማ መያዝ፣ ዐይንን መጠበቅና ሳይታክቱ መጸለይ ነው (ቍ. 2520)። ለጀማሪ ማታ ማታ ራስን በአንድ ጥያቄ መመርመር ይበቃል፤ ዛሬ ሥራ ስፈታ ልቤ ወዴት ሄደ?

ከጰራቅሊጦስ በፊት ወደዚያ ቁምስና ተመልሰን ይህንኑ ለሽማግሌው በቃል ነገርናቸው፤ ስለ ቸኰልንባቸውም ይቅርታ ጠየቅናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «እንግዲያው አባ፣ የወፍጮውን ነገር ለልጆቹ ልንገራቸው?» አሉን። በማግሥቱ እሑድ ነበር፤ ቈረቡ።