ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት

ባለፈው ቅዳሜ ቨርጂኒያ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ከጓደኛዬ ጋር ዋልኩ። ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር በጋራ የገዛት ሴስና 172 አለችው። የዚህች ዓይነት አውሮፕላን የመጀመሪያ በረራ እ.ኤ.አ. በ1955 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ44,000 በላይ ተሠርታለች፤ በዓለም ላይ የእሷን ያህል በብዛት የተመረተ አውሮፕላን የለም። አራት ሲሊንደር፣ በየሲሊንደሩ ሁለት ካንዴላ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡ ሁለት ማግኔቶዎች። ጋራዥ ውሎ የሚያውቅ ሰው ሞተሯን ሲያይ አይደናገጥም።

ጓደኛዬ ግን ወደ ሞተሩ አልሄደም። መጀመሪያ ላፕቶፑን ከፈተና ከሞተር መቆጣጠሪያው የገለበጠውን መረጃ አወጣ። መሣሪያው በበረራ ላይ በየጥቂት ሴኮንዱ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ሙቀት፣ ከእያንዳንዱም የሚወጣውን ጭስ ሙቀት ይመዘግባል። የጭሱ ሙቀት አራት መስመር ሆኖ ማያው ላይ ጎን ለጎን ይጓዛል። ከመካከላቸው የቁጥር 3 መስመር ብቻዋን ወደ ላይ ከፍ ብላለች፤ ሠላሳ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ። ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም። መረጃው በተመዘገበበት ቀን ያበረራት ሰው ምንም አልተሰማውም ነበር።

እኔ ብሆን "ሞተሩ ይከፈት" እል ነበር። እሱ የስድስት ወር በረራዎችን አንድ በአንድ መልሶ አየ። "ደህና በነበረችበት ጊዜ ምን ትመስል እንደነበር ልይ" አለኝ። ይህች አባባል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሲሊንደሩ ካሉት ሁለት ካንዴላዎች አንዱ ሥራ ሲያቆም ነዳጁ ቀስ ብሎ ይቃጠላል፤ የጭስ መውጫው ቫልቭ ሲከፈት ገና እየነደደ ስለሚወጣ ጭሱ ይግላል። ስለዚህ ሞተሩን መሬት ላይ አስነሥቶ ማግኔቶዎቹን ተራ በተራ አጠፋ። በአንደኛው ማግኔቶ ብቻ ሲሠራ የሌሎቹ የጭስ ሙቀት እንደ ደንቡ ጨመረ፤ የቁጥር 3 ግን ዝቅ አለ። አንዱ ካንዴላ እሳት አይሰጥም ማለት ነው። የታችኛውን ፈታው። ጫፉ ላይ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ የእርሳስ ጠጠር ተሰንቅራለች፤ አብዛኛው የትንንሽ አውሮፕላን ቤንዚን እስከ ዛሬ እርሳስ አለበት። ጠጠሯን ነቀላት፣ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ አድርጎ ካንዴላውን በልኩ አጠበቀ፣ የሠራውን በመዝገብ ጽፎ ፈረመ። የአሜሪካ ሕግ ለባለቤት አብራሪ ይህን ያህል ሥራ ይፈቅድለታል። ሞተሩ አልተከፈተም።

ወዳጆቼ፣ ስንቶቻችን ነን የገዛ ሕይወታችንን ሞተር ያለ ምክንያት የምንፈታው? እንቁጣጣሽ ሲመጣ ሥራውንም፣ ምግቡንም፣ እንቅልፉንም፣ ጓደኛውንም በአንድ ሌሊት ልንቀይር እንነሣለን። መስቀል ሳያልፍ ደግሞ ሁሉም ተበታትኖ እናገኘዋለን።

ያለ ምክንያት መፍታት ምን እንደሚያመጣ በአውሮፕላኖችም ታይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮንራድ ዋዲንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ የብሪታንያ አየር ኃይል የባሕር ጠረፍ ቦምብ ጣዮችን የብልሽት መዝገብ መረመረ። አውሮፕላኖቹ በየ50 የበረራ ሰዓቱ ሰርቪስ ይደረጉ ነበር። ብልሽት የሚበዛው ሰርቪስ ሊደረጉ ሲቃረቡ ይመስላል። መዝገቡ ያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ ብልሽቱ የሚበዛው ሰርቪስ ተደርገው እንደ ወጡ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ደህናውን ዕቃ ፈትቶ መግጠሙ ራሱ አዲስ ጥፋት ይዞ ይመጣ ነበር። ቅንድብ ላሳምር ብላ ዓይን አጠፋች የሚባለው በቁጥር ተረጋገጠ። በአንዱ ሰርቪስና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ሲራዘም አውሮፕላኖቹ ከቀድሞው በላይ በረሩ።

ይህ ለስንፍና ፈቃድ አይደለም። የዘይት ግፊት ከወረደ አብራሪ ግራፍ አይመለከትም፤ ወዲያው ያርፋል። ደረታችሁን ከወጋችሁ፣ ቤት ውስጥ ዱላ ካለ፣ መዝገብ ማገላበጡ ይቆይና ዛሬውኑ እርዳታ ጠይቁ። እኔ የምለው ቀስ ብሎ ስለሚመጣው ነው፤ ስለማይታወቀው ድካም፣ ወር ሳይሞላ ስለሚያልቀው ደመወዝ፣ ስለጠፋው የማንበብ ፍቅር። አያቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። ቅጠሉን በጊዜው ለማንሣት ግን ጭሱን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ብዙዎቻችን ውሏችንን መጻፍ የምንጀምረው ከታመምን በኋላ ነው። ያኔ የምናወዳድርበት የለንም። ጓደኛዬን ያዳነው ሞተሯ ጤነኛ በነበረችባቸው አሰልቺ በረራዎች የተያዘው መረጃ ነው። እናንተም በደህናው ቀን ጀምሩ። አራት መስመር ይበቃል፤ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ምን ያህል ብር አወጣሁ፣ ለትምህርቴ ወይም ለሙያዬ ስንት ደቂቃ ሰጠሁ፣ ከማን ጋር ከልቤ አወራሁ። በወሩ መጨረሻ አራቱንም ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሕይወቴ ተበላሸ ያላችሁት ነገር ምናልባት ረቡዕ ረቡዕ የምትሠሩት የሌሊት ተራ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። እሱን ብቻ አስተካክሉ፤ የሚሠራውን አትንኩት።

ዛሬ ማታ ደብተር አውጡ። ከላይ ቀኑን ጻፉ፤ ከሥሩ የዛሬዋን አራት መስመር፣ ምንም ያልጎደለባት ቀን ብትሆንም።