የልደትን በዓል በምን ሥርዓት እናክብር?

አንባቢ ሆይ፤ ታኅሣሥ በገባ ጊዜ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አገር የጤፉ አጨዳ ተፈጽሞ ነዶው ወደ አውድማ ይወርዳል። ገበሬው እህሉንና በርበሬውን ጭኖ ወደ ገበያ ይወጣል፤ የከተማውም ሰው በግና ዶሮ፥ ቅቤና ማር ይገዛል። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የጾመው ሁሉ ጾሙ የሚፈታበትን ሌሊት ይጠባበቃል። በዚሁ ወራት በብዙ ቤት ክርክር ይነሣል። ሽማግሌው፥ በዓሉ እንደ አባቶቻችን ይዋል ይላል። ከትምህርት ቤት የመጣው ልጅ፥ ዛፍ እናቁም፥ መብራት እናብራ፥ ስጦታም እንለዋወጥ ይላል። ሦስተኛውም፥ ይህን ቀን እንድናከብር መጽሐፍ መቼ አዘዘን? ብሎ ከሁለቱም ይለያል። ከእነዚህ ከሦስቱ የማንኛቸው ነገር የቀና ነው? በትዕግሥት እንመርምር።

በመጀመሪያ፥ ስለ ቀኑ።

ወንጌላዊው ሉቃስ በ2ኛው ምዕራፍ የጌታን መወለድ ሲነግረን ዘመኑን በነገሥታቱ ስም ያስታውቀናል እንጂ ወሩንና ዕለቱን አልጻፈልንም። በአገራችን በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን በ28 ይውላል። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት የሚያከብሩት በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ገደማ ነው። የልዩነቱም ምክንያት ይህ ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1582 ዓ.ም. የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ የቀድሞውን የዩልዮስን አቈጣጠር ሲያርም 10 ቀን ዘለለ፤ ልዩነቱም እያደር ጨምሮ ዛሬ 13 ቀን ሆኗል። እንግዲህ በ16 ያከበረ ሥልጡን፥ በ29 ያከበረ ኋላ ቀር አይባልም። ቀኑ በጥንቱ አቈጣጠር አንድ ነበረ፤ የተለየው መቍጠሪያው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ14ኛው ምዕራፍ፥ ቀን የሚለየውም ሁሉን ቀን እኩል የሚያየውም ይህን ለጌታ ያድርገው እንጂ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይፈርድ አስተምሮናል።

ሁለተኛ፥ ስለ ልማዱ።

በገጠሩ አገር ከቅዳሴ መልስ ጎልማሶች በሁለት ወገን ተከፍለው በቈልማማ ዱላ ሩሯን እየመቱ ገና ይጫወታሉ። እረኞች የምሥራቹን ሰምተው በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ የሚል ትውፊት ስላለ ነው። በቀድሞ ዘመን በዚያ ሜዳ ጌታና ሎሌ እኩል ይሰለፉ ነበር፤ ሎሌው ጌታውን በግጥም ቢነካው ቂም አይያዝበትም ነበር። በላሊበላም ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች ቆመው «ቤዛ ኵሉ» የተባለውን ዝማሬ ያሰማሉ። ይህ ሁሉ መልካም ውርስ ነው፤ የሚናቅ አይደለም።

የገና ዛፍ የሚባለው ግን ከጀርመን አገር የተነሣ ልማድ ነው። በእንግሊዝ አገር በሕዝቡ ዘንድ የተስፋፋው በ1848 (በአውሮፓ አቈጣጠር) የንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ ሰብ በዛፍ ዙሪያ ቆሞ የሚታይበት ሥዕል በጋዜጣ ከታተመ በኋላ ነው። የከብቶች በረት አበጅቶ ልደቱን ማሰብም ቢሆን የአሲዚው ፍራንቸስኮስ በ1223 በግሬቾ መንደር በሬና አህያ አቁሞ ካደረገው ወዲህ በብዙ አገር የተለመደ ነው። በዚያ ጊዜ ለተመልካቹ እንግዳ ነገር ነበረ፤ ዛሬ ግን የጥንት ልማድ ይባላል። እንግዲህ ዛሬ አሮጌ የምንለው ልማድ አንድ ቀን አዲስ እንደ ነበረ አስተውል። አዲስ ስለ ሆነ ብቻ ኀጢአት፥ አሮጌ ስለ ሆነም ብቻ ጽድቅ የሚሆን የለም።

በዓሉን ፈጽመው የከለከሉ ክርስቲያኖችም ነበሩ። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የሰፈሩት ፑሪታኖች በ1659 ገናን ያከበረ ሰው 5 ሽልንግ እንዲቀጣ ሕግ አወጡ፤ ሕጉም በ1681 ተሻረ። ስካርንና ዋዛን መጥላታቸው መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ደስታን በመቀጫ ማጥፋት ልብን አያነጻም።

ሦስተኛ፥ በዓሉን ስለሚያበላሸው ነገር።

ወንድሜ ሆይ፤ እህቴ ሆይ፤ ስለ ቀንና ስለ ዛፍ ስንከራከር ከዚህ የሚበልጠውን እንዳንረሳ እንጠንቀቅ። ቤቱ እንዳይታማ ብሎ በወለድ ተበድሮ በሬ የሚገዛ፥ የዓመት እህሉን በአንድ ሳምንት ጠላና አረቄ የሚጨርስ፥ በገና ሜዳ የተጀመረውን ጨዋታ በሰከረ ጊዜ ወደ ጠብ የሚለውጥ፥ እርሱ አሮጌውንም አዲሱንም በዓል አላከበረም። እንዲሁም ተማሪው ከከተማ ተመልሶ የእናቱን ጎጆና የአባቱን ጋቢ የሚያፍርበት ከሆነ፥ ያቆመው ዛፍ ምን ይጠቅመዋል? የምናከብረው ጌታ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አጥቶ በግርግም የተኛ ነውና፥ በድኾች ቤት የሚያፍር ሰው በእርሱ ያፍራል።

የልደት ታሪክ ያለ ልቅሶ እንዳልተጻፈም አስብ። ማቴዎስ በ2ኛው ምዕራፍ የቤተ ልሔም እናቶች ስለ ተገደሉት ልጆቻቸው እንዳለቀሱ፥ ሕፃኑም ከእናቱ ጋር ወደ ግብጽ እንደ ተሰደደ ይነግረናል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተነሣው ጦርነት ወዲህ ልጁን የቀበረ፥ ቀየውንም የለቀቀ ብዙ ነው። በጎረቤትህ ቤት ሐዘን ካለ፥ በዓሉ ያንን ቤት ዘሎ እንዳያልፍ ተጠንቀቅ።

አራተኛ፥ ምን እናድርግ?

በሰፈርህ ቅርጫ የሚገባው ሰው አሥር ቢሆን፥ ሥጋው በአሥራ አንድ ይመደብ። ዕጣ ሲጣል አንዱ መደብ ገንዘብ ማዋጣት ላልቻለ ቤት ይቀመጥ። ይህም ከእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ብቻ ይቀንሳል፤ ለመበለቲቱ ግን ሙሉ በዓል ይሆንላታል። በዐደባባይም አይሰጣት፤ የሚያደርሰው ልጅ ሰው ሳያይ ይሂድ፤ የተራበ ሰው ከረኀቡ ይልቅ እፍረቱ ይከብደዋልና።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ ከወላጆቹ ርቆ የሚማር ልጅ በደጅህ ቢቆም፥ የተረፈውን ፍርፋሪ ሰጥተህ አትሸኘው፤ አስገብተህ ከልጆችህ ጋር በአንድ መሶብ አብላው። ጌታ በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ፥ ብድራቱን ሊመልሱ የማይችሉትን እንድንጠራ አዝዞናልና።

ሐዘንተኛ ቤት ስትገባ ዘፈን ይዘህ አትግባ፤ ብዙም አትናገር። ቡና አፍልተህ፥ እንጀራ ይዘህ አጠገባቸው ተቀመጥ። ዕዳም ያለብህ እንደ ሆነ አስቀድመህ ክፈል፤ በዓልህን በዶሮ ፈንታ በሽሮ ብታውል አታፍርም። የተጣላኸው ወንድም ካለ ጾሙ ሳይፈታ ታረቀው።

ይህን ካደረግህ በኋላ ብትወድ ገና ተጫወት፥ ብትወድም ዛፍህን አብራ። ሽማግሌውና ተማሪውም አይነቃቀፉ፤ አንዱ የሌላውን ደስታ ይካፈል። ከሁለቱ የተለየው ሦስተኛውም ቀኑን ባያከብር አይፈረድበት፤ ነገር ግን ከአሥራ አንደኛው መደብ ድርሻውን ያዋጣ።

በቤተ ሰብ መካከል የሚጠየቁ ጥያቄዎች፤

1. ባለፈው ልደት ያወጣነው ገንዘብ ለደስታ ነበረን ወይስ ሰው እንዳያማን?
2. በሰፈራችን ዘንድሮ ቅርጫ ሊገባ የማይችል ማን ነው?
3. ዘንድሮ በዓሉን በሐዘን የሚውል ጎረቤታችን ማን ነው? ከእኛስ ማን ይሄድለታል?